የዐፄ ቴዎድሮስ ቁጣና ሐዘን

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አዘዞን ካለፈ በኋላ ጠዳን ያገኛል። ጠዳ ዛሬ በጤና ሳይንስ ኮሌጇ የምትታወቅ፣ በመንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። እኛም የመንግሥት ሥራ ይዘን የምንኖረው በዚሁ ስለ ሆነ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚመጣው መንገደኛ በደጃችን ሲያልፍ ዘወትር እናያለን። በ1859 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ጦራቸውን አስከትለው ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ሲገሠግሡ ግን አመጣጣቸው እንደ ሌላው መንገደኛ አልነበረም። የነገሥታቱን ከተማ ዘረፉት፤ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን አስጫኑ፤ ከዚያም እሳት ለቀቁበት። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተረፉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእነዚህ አንዱ ነው። የተጫነውም መጽሐፍ በመጨረሻ መቅደላ ገባ፤ ከመቅደላም ሦስት መቶ ኀምሳ ያህሉን የእንግሊዝ ጦር ወስዶ ለንደን አስቀመጠው።

ንጉሡ ይህን ያደረጉት ስለ ምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። የታሪክ ተማሪው «ካህናቱ ስለ ርስታቸው ተቃወሟቸው፤ ጎንደርም ለሸፈቱባቸው መጠጊያ ሆነች» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ «ቁጡ ነበሩ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። ነገር ግን ከዚህ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ እኒሁ ንጉሥ በመቅደላ አምባ ላይ እጃቸውን በገዛ ራሳቸው ላይ አንሥተዋል። ጎንደርን ያቃጠለውን እጅ ለፖለቲካና ለቁጣ፣ በመቅደላ የተነሣውን እጅ ደግሞ ለጀግንነት ብቻ ሰጥተን ታሪኩን ለሁለት ስንከፍል ኖረናል። እኛ ግን በሁለቱ ጊዜ የተነሣው እጅ አንድ ነው እንላለን። ሐዘን የጸናበት ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አያለቅስም፤ የሚያስጨንቀው፣ የሚማታውና የሚሳደበውም አለ። ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያስገደደን የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ምክንያት ወደ መጨረሻው እንናገራለን።

ልጅ ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ አገር ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለ ሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ከድህነት ላይ ወደቁ፤ ጠላቶቻቸውም ሕፃኑ አድገው ጦር ከመሩ በኋላ እንኳ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይዘልፏቸው ነበር። ስድቡ ምን ያህል እንደ ዘለቃቸው ለማወቅ የደጃዝማች ወንድይራድን ነገር ማስታወስ ይበቃል። እኒህ ሰው በዚሁ ቃል እየፎከሩ ሊይዟቸው ዘምተው በተማረኩ ጊዜ፣ ካሣ ኮሶ አስቀርበው እንዳጠጧቸው ይነገራል። ሰሚ ሁሉ ይስቅበታል፤ ሆኖም የልጅነት ቁስል ያልዳነለት ሰው ቀልድ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ለትምህርት በገቡበት በጨንከር ገዳምም ወታደሮች ወርረው ሕፃናቱን ሲፈጁ፣ ካሣ ከሞት አመለጡ። የዚያን ቀን ያዩትን ከማን ጋር እንደ ተነጋገሩበት ታሪክ አልጻፈልንም።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ግን የሚታየው ሌላ ሰው ነበር። እንቅልፍ የማያውቁ፣ ከወታደር ጋር ድንጋይ እየተሸከሙ መንገድ የሚሠሩ፣ ለድኻ የሚፈርዱ፣ የተከፋፈለችውን አገር አንድ አደርጋለሁ ያሉ ንጉሥ። ደብተራ ዘነብ ታሪካቸውን በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ መጻፋቸው ራሱ የዚያን ዘመን አዲስነት ያሳያል። ያን ጊዜም ቁጣ ነበረ፤ ነገር ግን ቁጣውን የሚመልሱ ሰዎች በአጠገባቸው ነበሩ።

እነዚያ ሰዎች ተራ በተራ ሄዱ። እጅግ ይወዷቸው የነበሩት ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይባል የነበረው ጆን ቤል፣ ንጉሡን ለማዳን በመካከል ገብቶ ወደቀ። የፕላውደንን ደም ያፈሰሰው ጋረድ የንጉሡ የገዛ ዘመድ ስለ ነበረ ሐዘኑ ከቤት የመጣ ሐዘን ሆነ፤ በቀሉም ብዙ መቶ ሰው በላ። በቅርብ ያዩዋቸው ሰዎች የንጉሡ ጠባይ የተለወጠው ከእነዚህ ሞቶች ወዲህ ነው ይላሉ። በተዋበች ስፍራ ያገቧቸው እቴጌ ጥሩወርቅ የታሰሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ፤ አባቷን ያሰረባትን ሰው ከልቧ የምትወድ ሴት ከየት ትገኛለች? በ1855 ዓ.ም. ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትም ደብዳቤ ያለ መልስ ቀረ። ደብዳቤ ጽፎ መልስ የሚጠብቅ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚሆን እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እናውቃለን፤ የንጉሥ ሲሆን ደግሞ ንቀቱ የአገር ነው። ቆንስሉ ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. በእግር ብረት ገባ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ አንድ መልክ እየያዘ ሄደ፤ ይኸውም አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም አንድ ሰው ሲከዳ፣ ቁጣው የሚወርደው በእጅ ባለው እስረኛ ላይ ነው። በሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ፣ በዚያ ተይዘው የነበሩት የወሎ ባላባቶች ልጆች በግፍ ተገደሉ። ያመለጠው ሌላ፣ የሞተው ሌላ። ንጉሡም ከእንዲህ ያለው ሥራ በኋላ ደስ ብሏቸው አያድሩም ነበር፤ ያዝናሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ መጠጥ እንዳበዙ ምስክሮቹ ይናገራሉ። ብርሃኑ ዘሪሁን ልብ ወለዱን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን በ1858 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ታቦር የሆነው ነው። ንጉሡ በቀን የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳምንና ባልንጀሮቹን በብርቱ ተቆጥተው አሰሯቸው። በዚያው ሌሊት ግን መጠጥ አስይዘው እስረኞቹ ወዳሉበት ቤት ራሳቸው መጡ። ራሳም እንደ ጻፈው፣ ሰዎች እንደ እብድ እንደሚቈጥሯቸው ይሰሙ እንደ ነበር፣ ነገሩን አምነውት እንደማያውቁ፣ የዚያን ቀን በእንግዶቻቸው ላይ ያደረጉትን ካዩ በኋላ ግን እውነት ሳይሆን እንደማይቀር ነገሯቸው፤ ይቅርታም ጠየቁ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ደጋግመን አስበንበታል። ታላቅ ንጉሥ በሌሊት ተነሥቶ፣ ያሰራቸውን ሰዎች ፈልጎ፣ «እኔ ታምሜአለሁ መሰለኝ» ሲል፣ ከሎሌዎቹ መካከል ይህን የሚነግረው አንድ ሰው እንኳ አጥቷል ማለት ነው። ከእስረኞቹ አንዱ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ሐኪም ነበር። ሆኖም የዚያ ዘመን ሕክምና ለእንዲህ ያለው ደዌ እምብዛም መድኃኒት አልነበረውም፤ እስረኛ ደግሞ አሳሪውን ሊያክም አይችልም።

እንግዲህ ወደ መቅደላ እንሂድ። በ1860 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች ይቈጠር የነበረው ሠራዊት ተበትኖ ጥቂት ሺህ ቀርቶ ነበር። በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በሸዋ ምኒልክ፣ በትግራይ ካሣ ምርጫ ቆመዋል፤ ጎጃምም ከእጅ ወጥቷል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ተራራውን እየወጣ ነው። ንጉሡ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ አምባው ደረሱ። የሆነውን ነገር በቀን በቀኑ እንከተለው፤ አምስት ቀን ብቻ ነውና።

ሚያዝያ 2 ቀን፣ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ንጉሡ ከአገሬው እስረኞች ከፊሉን መፍታት ጀመሩ። መልካም ሥራ ነበር። ወደ ማታ ግን የቀሩት እስረኞች «እንጀራ! ውኃ!» እያሉ ጮኹ። ጩኸቱ ንጉሡን አስቆጣቸው፤ ሰክረው ነበር የሚሉም አሉ። ያን ምሽት ብዙ እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ቍጥራቸውን አንዳንዱ ሁለት መቶ ያህል፣ አንዳንዱ ከሦስት መቶ በላይ ያደርገዋል። ምሕረትና እልቂት በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ተደረጉ።

በማግስቱ ስቅለት ነው። በአሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ጦር ከእንግሊዝ ሮኬትና አዲስ ጠመንጃ ጋር ገጠመ፤ ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ገብርዬም ሞቱ። ከንጉሡ ወዳጆች የመጨረሻው እኒህ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ንጉሡ የእርቅ መልእክት ላኩ። ናፒየር የመለሰው ግን እጅ መስጠትን የሚጠይቅ ነበር። እርሳቸውም ረጅም ደብዳቤ አስጻፉ፤ በደብዳቤው ውስጥ ትዕቢትም፣ ኀፍረትም፣ በሕዝባቸው ላይ ያላቸው ምሬትም ተቀላቅሎ ይገኛል። ደብዳቤውን ካሰናበቱ በኋላ ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ አነሡ። በአጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ተረባርበው እጃቸውን ያዙ፤ ጥይቱም ጆሯቸውን ጭሮ አለፈ። ብዙው ሰው በመቅደላ የሆነውን አንድ ቀን አድርጎ ያስበዋል እንጂ ይህን ቅዳሜ አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የተረጋጉ መሰሉ፤ ራሳምንና ባልንጀሮቹን ወደ እንግሊዞች ሰፈር አሰናበቱ።

እሑድ ፋሲካ ነበር። ንጉሡ ለናፒየር ለበዓሉ የሚሆን ብዙ ላምና በግ ላኩ፤ ስጦታው የተቀበሉላቸው መስሏቸው ተስፋ አደረጉ። አለመቀበሉን ሲሰሙ ግን ተስፋቸው ተቈረጠ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞተው አገኛቸው። ዕድሜያቸው ኀምሳ ዓመት ገደማ ነበር።

እጅ አልሰጥም ብለው ሞቱ የሚለውን ክብር ከእርሳቸው ልንወስድ አልተነሣንም። ተማርኮ በጠላት አገር መታየት ለእርሳቸው ከሞት የከፋ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ሲሞክሩት የእንግሊዝ ወታደር በደጅ አልቆመም ነበር። ሐሙስ በሌላው ሰው ላይ የፈሰሰው ቁጣ ቅዳሜ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ እንጂ ሌላ ቁጣ አልመጣም።

የአእምሮ ሐኪሞች በዚህ ነገር ላይ ብዙ ደክመዋል። የቪየናው ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ስለ ሐዘንና ስለ ድብርት ባሳተመው ድርሰት፣ በድብርት የተያዘ ሰው በራሱ ላይ የሚያወርደው ወቀሳ በእውነቱ በከዳው ወይም ባጣው ሰው ላይ የነበረው ቁጣ ወደ ውስጥ ሲመለስ ነው አለ። ይህ ሐሳብ ነበር እንጂ ልክ አልነበረም። በ1976 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር ማሪ ኦስበርግ የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በድብርት የተያዙ ሰዎችን የኅብለ ሠረሰር ፈሳሽ መርምራ፣ ሴሮቶኒን ከሚባለው የአንጎል ቅመም የሚገኘው ዝቃጭ ያነሰባቸው ሰዎች ራሳቸውን በኃይል መንገድ ለማጥፋት የሞከሩ ሆነው የተገኙት ይበልጥ መሆኑን አሳየች። ይኸው ቅመም ድንገተኛ ቁጣን ከመግታት ጋር ግንኙነት እንዳለው ሌሎች ጥናቶች ያመለክታሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ዮርክ ጆን ማንና ባልደረቦቹ አንድ የሚያስገርም ነገር ጻፉ፤ ከሕመምተኞቹ መካከል ራሱን ለማጥፋት የሞከረውን ካልሞከረው የሚለየው ሐኪሙ የሚለካው የሕመሙ ክብደት ሳይሆን፣ የሰውዬው ተስፋ መቍረጥና በዕድሜው ሙሉ የታየበት ጠበኝነትና ችኩልነት ነው። በልጅነት የደረሰ ግፍ፣ መጠጥ፣ ተከታትሎ የመጣ የወዳጅ ሞትም አደጋውን ያበዙታል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ከዚህ ቀደም መሞከር ነው።

አንባቢው እነዚህን ከላይ ከተነገረው ታሪክ ጋር ሳያስተያይ አያልፍም። እኛ ግን ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ለሞተ ሰው የበሽታ ስም ለመስጠት ሥልጣን የለንም፤ ሐኪምም አይደለንም። ደግሞም ድብርት የያዘው ሰው ሁሉ ጠበኛ ነው፣ ቁጡ ሰው ሁሉ ራሱን ያጠፋል ማለት ከንቱ ነው። አብዛኛው የድብርት ሕመምተኛ በማንም ላይ እጁን አያነሣም። ሕመም ነበረ ቢባልም እንኳ ለገደል የተሰጡትን እስረኞች ደም አያብስም፤ እነርሱም እናት ነበራቸው። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የሚቆጣውን ሰው ስናይ «ጠባዩ ነው» ብለን የምናልፈው አንዳንድ ጊዜ የተጨነቀውን ሰው ነው። በተለይ ወንድ ልጅ በአገራችን ማልቀስ ነውር ስለ ሆነበት ሐዘኑን በቁጣና በመጠጥ ይናገራል።

የቅዳሜው ነገር ዘወትር ይከነክነናል። ሽጉጡን የያዙት ሰዎች ታማኞች ነበሩ፤ የሚገባቸውንም አደረጉ። ንጉሡ ሲረጋጉ ግን ነገሩ ያለፈ መሰላቸው፤ ሽጉጥም ከንጉሡ እጅ አልራቀም። ንጉሥን ማን መሣሪያ ይነጥቃል ቢሉ እውነታቸው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ሐኪሞቹም የሚመክሩት ያን ቅዳሜ ያልተደረገውን ነው፤ ይኸውም ሰውዬውን ብቻውን አለመተው፣ መግደያውን ከቤት ማራቅ፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ያቃልልለታል እንጂ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ከጠዳ እስከዚያ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም።

ይህን የምንጽፈው መንገዱን ስለምናውቀው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት አብሮን የሚሠራ ሰው ነበር። ሥራ አዋቂ ነበር፤ የጠፋ መዝገብ በሌሊት ተቀስቅሶ ቢጠየቅ እንኳ ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ይናገራል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ግን የሚያነጋግረውን ሁሉ ይቆጣ ጀመር። ባለጉዳይ ሰደበ፤ ፋይል ወረወረ፤ አንድ ቀን ከዘበኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያያዘ። እኛም እንደ ደንቡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠነው። ሁለተኛውን ደብዳቤ አርቅቀን የፈረምነው እኛው ነን፤ ጥሩ አማርኛ ነበር። «ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር በሰላም እንዲሠሩ» የሚል ቃል እንዳለበት እናስታውሳለን። ደብዳቤውን ስንሰጠው ከመቆጣት ይልቅ ፈገግ ብሎ «እኔም ሰልችቶኛል፣ ጋሼ፤ ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም» አለን። እኛ ተጸጸተ ብለን ደስ አለን፤ እንዲያውም ለአለቃችን «ተመከረ» ብለን ነገርናቸው።

በሳምንቱ ለቅሶ ሄድን። ቤተ ሰቦቹ ድንገተኛ ሕመም ነው ብለውን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንዳትከለክላቸው ፈርተው ነው። ጎረቤቶቹ እውነቱን በጆሯችን ነገሩን። እናቱ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ «መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ሆኖ ነበር? እናንተ ቀን ቀን ታዩት አልነበረም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። እኛንም ጠየቁን። ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር አልናቸው።

በማኅደሩ ላይ «በሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በመለየቱ መዝገቡ ተዘግቷል» ብለን ጻፍንበት። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ከሥሩ እንደ ተያያዙ አሉ።